ከግፊት መለኪያው አጠገብ የተረሳ ጆሮ

የልብና የደም ሥር ጤና ከመስማት ጋር ይያያዛል ወይ የሚለውን ጥያቄ ዓለም በቁም ነገር መጠየቅ የጀመረው ለአሶሳ ጎረቤት በሆነ ምድር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሳሙኤል ሮዘን የተባለ የኒው ዮርክ የጆሮ ቀዶ ሐኪም ባልደረቦቹን ይዞ ወደ ማባን ሕዝብ አገር ዘለቀ። ማባኖች የሚኖሩበት ምድር ያኔ የሱዳን ደቡብ ምሥራቅ ጥግ ነበር፤ ዛሬ በደቡብ ሱዳን የላይኛው ናይል ግዛት ውስጥ ነው፤ በምሥራቅ በኩል የሚያዋስነው ደግሞ የእኛው ቤንሻንጉል ጉሙዝ ነው። ከሮዘን ጋር የሱዳኑ ሐኪም መሐመድ ሐማድ ሳቲ፣ ግብፃዊው ዓሊ ኤል ሞፍቲ፣ ጀርመናዊው ዲትሪክ ፕሌስተርና አሜሪካዊው የመስማት ባለሙያ ሞ በርግማን ነበሩ። ውጤቱ በ1962 ታተመ።

ሮዘን ተራ ሰው አልነበረም። በ1952 በመካከለኛው ጆሮ ውስጥ ያለችውን እርካብ መሰል ትንሽ አጥንት ከተጣበቀችበት አላቆ መስማት የመለሰ፣ በሙያው ስሙ የገነነ ሐኪም ነው። ወደ ማባን የወሰደው ጥያቄ ቀላል ነበር፦ ሰው ሲያረጅ ጆሮው የሚደክመው ስላረጀ ብቻ ነው ወይስ ከተማና ፋብሪካ ሲጮሁበት ስለኖረ? ማባኖች ጠመንጃ አልነበራቸውም። ለጭፈራቸው ክራር መሰል ባለ አምስት አውታር መሣሪያ ይገርፋሉ፣ ግንድ በዱላ ይመታሉ። የድምፅ መለኪያው በመንደሮቻቸው ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 ዴሲቤል በታች ያነብብ ነበር፤ ይህ ጸጥ ያለ ቤተ መጻሕፍት ያህል ነው። ሽማግሌዎቻቸው ሲመረመሩ በእድሜ ከሚመስሏቸው አሜሪካውያን እጅግ የተሻለ ይሰሙ ነበር።

እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ጥናቱ የጫጫታ ጥናት ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። ሐኪሞቹ ግን ግፊትም ለኩ። በሌላው ዓለም እድሜ በጨመረ ቁጥር የሚወጣው የደም ግፊት በማባኖች ዘንድ አልወጣም፤ የአረጋውያኑ ግፊት ከወጣቶቹ ብዙም የሚለይ አልነበረም። ምግባቸው ማሽላ፣ ዓሣና የዱር ፍሬ ሲሆን የእንስሳት ስብ በጥቂቱ ነበር የሚበሉት። የልብ ደም ሥር መጥበብ ምልክትም በመካከላቸው አልተገኘም ለማለት ያስደፍር ነበር። ሮዘን ከዚህ ተነሥቶ የልብን ደም ሥር ንጹሕ አድርጎ ያቆየው ነገር የጆሮንም ደም ሥር አቆይቶ ይሆናል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ወደ ካርቱም ሄደው የከተማ ኑሮ የጀመሩ ማባኖች ግፊታቸው ከፍ ማለቱንም ጻፈ። ከዚያ ወዲህ የተሠራው ሁሉ፣ በድጋፍም ሆነ በተቃውሞ፣ በዚህ ሐሳብ ዙሪያ የሚሽከረከር ነው።

ሐሳቡ ከባዶ ሜዳ የመጣ አይደለም፤ የጆሮ አሠራር ራሱ ይደግፈዋል። ውስጠኛው ጆሮ በቀንድ አውጣ ቅርፊት አምሳል ሁለት ዙር ተኩል ያህል የተጠቀለለ ቱቦ ነው። ቢዘረጋ 35 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። በውስጡ 15 ሺህ ያህል የፀጉር ህዋሳት ተደርድረዋል፤ የድምፅን ንዝረት ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡት እነሱ ናቸው፤ በሰው ላይ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ለዚህ ሁሉ ደም የምታደርሰው ከአንጎል ሥር ከሚያልፍ ደም ቅዳ የምትነሳ አንዲት ቀጭን ሥር ናት። እሷ ከተዘጋች ከሌላ አቅጣጫ የሚደርስ ረዳት የለም። በመስኖ ቦይ ጫፍ ላይ ያለ ማሳ ማለት ነው፤ ላይኛው ማሳ ገና ሳይጠማ እሱ ይደርቃል። በዚያ ላይ ስትሪያ ቫስኩላሪስ የሚባለው የውስጠኛው ጆሮ ሽፋን በጆሮው ፈሳሽ ውስጥ 80 ሚሊ ቮልት ያህል የኤሌክትሪክ ኃይል ሌት ተቀን ጠብቆ ማቆየት አለበት። ይህን የሚሠራው በደም በሚመጣ ኦክስጅን ነው። ግፊት፣ ስኳርና ትምባሆ ጥቃቅን የደም ሥሮችን ሲያጠብቡ መጀመሪያ ከሚጎዱት ቦታዎች አንዱ ይህ ነው ቢባል የሚያስደንቅ አይደለም።

የሚለካ ነገር ግን ከሚታሰብ ነገር ይለያል። በማሳቹሴትስ ግዛት በፍራሚንግሃም ከተማ እ.ኤ.አ. በ1948 የተጀመረው ታላቁ የልብ ጥናት እድሜያቸው የገፋ ተሳታፊዎቹን ጆሮም መርምሮ ነበር። ጆርጅ ጌትስና ባልደረቦቹ በ1993 ያወጡት ውጤት 1,662 ሰዎችን ይመለከታል። የልብ ደም ሥር በሽታ፣ ስትሮክ ወይም የእግር ደም ሥር ጥበት የነበራቸው ሰዎች በተለይ ዝቅተኛውን፣ ወፍራሙን ድምፅ የመስማት ችግር ነበረባቸው፤ ግንኙነቱም በሴቶች ላይ ይጠነክር ነበር። በእድሜና በጫጫታ የሚመጣው የመስማት ችግር ግን ከቀጭኑ ድምፅ ይጀምራል። ወፍራሙን ድምፅ የሚቀበለው የቱቦው ጫፍ ደም ከሚገባበት በር የራቀው ቦታ ስለሆነ ግኝቱ ከአሠራሩ ጋር ይገጥማል። ዴቪድ ፍሪድላንድና ባልደረቦቹም በ2009 የመስማት መለኪያ ውጤት ቅርጹ ታይቶ የደም ሥር በሽታ ያለበትን ሰው ሊጠቁም ይችላል እስከ ማለት ደረሱ።

ሌሎችም አሉ። በዊስኮንሲን ግዛት ቢቨር ዳም ከተማ የተደረገው ጥናት በ1998 እንዳሳየው ትምባሆ የሚያጨሱ ሰዎች ከማያጨሱት ይልቅ የመስማት ችግር የመያዝ እድላቸው 1.69 እጥፍ ነበር። ይህን በእኛ አካባቢ ጋያ ሲጨስበት በኖረ ቤት መንገር ተገቢ ነው፤ ጭሱ በሳንባ ላይ የሚያደርሰውን ሰው ሰምቶ ይሆናል፣ በጆሮ ላይ ስለሚያደርሰው ግን የነገረው የለም። ከ68 ሺህ በላይ አሜሪካውያን ነርሶችን ለዓመታት የተከታተለው ጥናት ደግሞ በ2013 በሳምንት ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚራመዱ ሴቶች የመስማት ችግር የመያዝ እድላቸው ከአንድ ሰዓት በታች ከሚራመዱት በ15 በመቶ ያነሰ መሆኑን ዘገበ። እርምጃ ልብን ይጠቅማል የሚለውን ሁሉም ያውቃል፤ ጆሮም ከእሱ ተቋዳሽ ይመስላል።

ሆኖም የዚህን ሁሉ መሠረት ሳልመረምር ማለፍ አልፈልግም። የማባን ሽማግሌዎች የልደት ካርድ አልነበራቸውም። እድሜያቸው የተገመተው በሚያስታውሷቸው ድርጊቶች ነው። 70 ዓመት የተባለው ሰው 55 ቢሆንስ? ይህ ጥርጣሬ ብቻውን ውጤቱን ያሳሳዋል። የተመረመሩትም መጥተው ለመመርመር የቻሉት ናቸው፤ አቅም ያነሰው ሽማግሌ ጎጆው ቀርቶ ሊሆን ይችላል። የዘር ውርስስ? የቡድኑ አባል የነበረው በርግማን ራሱ በ1966 ግኝቱ በጥንቃቄ እንዲነበብ የሚያደርግ ዳሰሳ አሳትሟል፤ ይህን በማድረጉ አከብረዋለሁ። ሮዘን በበኩሉ ጥያቄውን ወደ ፊንላንድ ወሰደው። እዚያ በሁለት የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሎች የምግብ ሙከራ ይካሄድ ነበር፦ በአንደኛው ቅቤና የወተት ስብ በአትክልት ዘይት ተተክቶ ሌላኛው በተለመደው የፊንላንድ ምግብ ይቀጥላል፤ ከዓመታት በኋላ ይቀያየራሉ። ሮዘንና ፊንላንዳዊው ባልደረባው ኦሊን ስቡ የተቀነሰላቸው ሕሙማን የተሻለ እንደሚሰሙ፣ ምግቡ ሲቀያየርም ውጤቱ እንደተከተለ ጻፉ። ነገር ግን ሕሙማን ወደ ሆስፒታሎቹ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ ማን የትኛውን ምግብ እንደሚበላ በዕጣ አልተለየም። ዛሬ ባለው መስፈርት ይህ ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይባልም።

የእኔ ድምዳሜ ይህ ነው፦ ግንኙነቱ አለ፣ መጠኑ ግን መካከለኛ ነው። ጆሮው የደከመ ሁሉ ልቡ ታሟል ማለት አይደለም። ልቡ የታመመም ሁሉ አይደነቁርም። በአገራችን የብዙ ሰዎችን መስማት የሚያሳጣው ገና በልጅነት የጀመረ የጆሮ መግል ነው፤ እሱ ከደም ሥር ጥበት ጋር ምንም አያገናኘውም። ይህን የምለው ሰው ጆሮው በደከመ ቁጥር በልቡ እንዲደነግጥ ስለማልፈልግ ነው።

ይልቅ ልብና ጆሮ ምን ያህል ዘመዳሞች እንደሆኑ ፍንትው አድርጎ የሚያሳይ አንድ ያልተለመደ በሽታ አለ። በ1957 አንቶን የርቬልና ፍሬድ ላንገ ኒልሰን የተባሉ የኖርዌይ ሐኪሞች ሲወለዱ ጀምሮ የማይሰሙ፣ በየጊዜው ራሳቸውን የሚስቱ ልጆች ያሉበትን አንድ ቤተሰብ ገለጹ። ከልጆቹ ሦስቱ በድንገት ሞተዋል። ኋላ እንደታወቀው ፖታሲየምን በህዋስ ግድግዳ የሚያሳልፈው አንዱ በር ተበላሽቶ ነበር፤ ያ በር የልብ ምት ካበቃ በኋላ ልብን ለሚቀጥለው ምት ያዘጋጃል፣ በጆሮ ውስጥ ደግሞ ያንን 80 ሚሊ ቮልት ያቆያል። በሽታው ብርቅ ነው፤ ሆኖም መስማት የተሳነው ልጅ ሲሮጥ ወይም ሲደነግጥ ራሱን የሚስት ከሆነ የሚጥል በሽታ ነው ብሎ ከመደምደም በፊት የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ሊደረግለት ይገባል። ወላጆች በተለይ ይህን ቢያውቁ ደስ ይለኛል። እናት በእርግዝና መጀመሪያ ላይ ሩቤላ ከያዛትም የሚወለደው ልጅ ዓይን፣ ልብና ጆሮ አብረው ሊጎዱ ይችላሉ፤ ለክትባቱ የምንጓጓው ለዚህም ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ቤታችን ልመለስ። በአሶሳና በዙሪያዋ ልብና ጆሮን አብሮ የሚጎዳው ነገር በመጀመሪያ ደረጃ ቅቤ አይደለም፤ የልጅ ጉሮሮ ነው። ከ5 እስከ 15 ዓመት ባለው እድሜ ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ጉሮሮ ያቆስላል። ሳይታከም ከቆየ ሁለትና ሦስት ሳምንት ቆይቶ የሰውነት መከላከያ ራሱ ተሳስቶ መገጣጠሚያንና የልብን ክዳኖች ይወጋል። ሪውማቲክ የልብ ሕመም የሚባለው ይህ ነው፤ በኢትዮጵያ ወጣቶችን ለልብ ቀዶ ሕክምና ወረፋ ከሚያሰልፉት ምክንያቶች ዋነኛው ነው። ዶ/ር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት ድርጅት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል እስኪያቆም ድረስ ብዙዎቹ ልጆች ቀዶ ሕክምና የሚያገኙት ወደ ውጭ ከተላኩ ብቻ ነበር። ከዚያው ጉሮሮ ደግሞ ወደ መካከለኛው ጆሮ የሚወስድ ቱቦ አለ። በልጅነት አጭርና አግዳሚ ስለሆነ የጉሮሮው ኢንፌክሽን በቀላሉ ይሻገርበታል። ጆሮው ይመግላል፣ ታምቡሩ ይበሳል። መግሉ ሲደርቅ ቤተሰቡ ዳነ ይላል፤ ልጁ ግን በክፍል ውስጥ የመምህሩን ግማሽ ቃል ብቻ እየሰማ ይቀመጣል።

ለልጅ የጉሮሮ ሕመም በብዙ ቤት የሚሰጠው መልስ እንጥል ማስቆረጥ ነው። ልማዱ ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሠፈራ ከመጡት ቤተሰቦች ጋርም መጥቷል። ሕፃኑ ሲያስነጥስ ወይም ጡት ሲጠላ «እንጥሉ ወርዷል» ይባላል፤ አዋቂ የተባለ ሰው በማይታጠብ ስለት ይቆርጠዋል። ሌላው ደግሞ ቶንሲል በጣት ያስቧጥጣል። እነዚህ እናቶች ልጃቸውን ይወዳሉ፤ እኔ የሚያመኝ በፍቅር የተደረገው ነገር የተፈራውን በሽታ አለመከልከሉ ነው። እንጥል ተቆረጠ አልተቆረጠ ባክቴሪያው ጉሮሮው ላይ ይቀመጣል። ልብን የሚያድነው ፔኒሲሊን ነው፤ እሱም ከርካሽ መድኃኒቶች አንዱ ነው። ትኩሳት ያለው፣ መዋጥ የሚያመው፣ አንገቱ ሥር ያበጠ ልጅ በቶሎ ጤና ጣቢያ ከደረሰ አንድ መርፌ ሁለቱንም ሊያስቀር ይችላል፦ የልቡን ክዳን ጉዳትም፣ የጆሮውን መግልም። ሪውማቲክ ትኩሳት አንዴ የያዘው ደግሞ በየሦስትና አራት ሳምንቱ መርፌውን ለዓመታት መውሰድ አለበት፤ ክረምት ሲገባ መንገድ ሲቆረጥ የሚቀረው ቀጠሮ ይህ ነው።

ልብ ከታመመ በኋላም መድኃኒቱ በጆሮ ላይ የሚያሳድረው ነገር አለ። የልብ ድካም ሕመምተኛ ውኃ ከሳንባውና ከእግሩ እንዲወጣለት ላሲክስ ይሰጠዋል። ኩላሊቱ በደከመ ሰው ላይ በከፍተኛ መጠን በፍጥነት በደም ሥር ከተሰጠ ያንኑ ስትሪያ ቫስኩላሪስ የተባለ ሽፋን ሊያውክ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳቱ ይመለሳል። የልብ ክዳን ኢንፌክሽን ሲይዘው የሚታዘዘው ጀንታማይሲን ግን የፀጉር ህዋሳቱን ይገድላል፤ እነሱ አይመለሱም። ሰውየው መስማት ብቻ ሳይሆን በጨለማ ሚዛን ጠብቆ መራመድም ሊያቅተው ይችላል። ስትሬፕቶማይሲን ለሳንባ ነቀርሳ በሚሰጥበት ዘመን ይኸው ጉዳት ይደርስ ነበር። አስፒሪን በብዛት ሲወሰድ ጆሮ ጭው ያደርጋል። ኪኒንን ደግሞ የቆላ ሰው ያውቀዋል፤ ለወባ ሲወስደው የጮኸበትን ጆሮ የማያስታውስ ሽማግሌ በአካባቢያችን ጥቂት ነው። እነዚህን ሁሉ ስዘረዝር አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ማንም ይህን አንብቦ የታዘዘለትን መድኃኒት በራሱ እንዳያቆም። ጆሮዬ መጮህ ጀመረ ብሎ ለሐኪሙ መናገር ይበቃል። ሐኪሙ መጠኑን ያስተካክላል፣ ኩላሊቱን ያያል፣ ወይም ይቀይራል።

ጫጫታ ልብንም ጆሮንም ይጎዳል። ሰው በእንቅልፉ እንኳ ድምፅ ሲሰማ ሰውነቱ የጭንቀት ሆርሞን ይረጫል፣ ግፊቱም ይነሳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ የመኪና መንገድ ድምፅ በአማካይ ከ53 ዴሲቤል እንዳይበልጥ የመከረው ልብን ጭምር አስቦ ነው። የእህል ወፍጮ ቤት ሠራተኛ፣ የጄኔሬተር ጠባቂ፣ የወርቅ ድንጋይ የሚፈጭ፣ በጉባ ከመጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጀምሮ የህዳሴ ግድብ እስኪመረቅ ድረስ ዐለት ሲቦረቡር የኖረ ሠራተኛ፣ ሁሉም ጆሮውና ግፊቱ አብረው መታየት ይገባቸዋል። የማባን ጸጥታም ዛሬ የለም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በሱዳን ብሉ ናይል ግዛት፣ ከ2013 ጀምሮ በደቡብ ሱዳን፣ ከ2023 ጀምሮ ደግሞ በመላ ሱዳን የተነሣው ጦርነት ያንን ምድር በመድፍ ድምፅ ሞልቶታል። በኩርሙክ በኩል ተሻግረው የመጡ፣ በሸርቆሌና በባምባሲ መጠለያዎች የሚኖሩ ሰዎች የሸሹት የትኛውም ጆሮ ሊሸከመው የማይገባ ድምፅ ነው።

ሳይዘገዩ መታየት ያለባቸው ምልክቶችም አሉ። አንድ ጆሮ በድንገት፣ በሰዓታት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ከደነዘዘ ይህ ጊዜ የማይሰጥ ሕመም ነው። ሰም ነው፣ ብርድ ነው ተብሎ ሳምንታት መቆየት የለበትም፤ ስቴሮይድ የሚረዳው በአመዛኙ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው። ከታይዋን በ2008 የወጣ ጥናት ይህ ያጋጠማቸውን ሰዎች አምስት ዓመት ተከታትሎ በስትሮክ የመያዝ እድላቸው ከሌሎች 1.64 እጥፍ መሆኑን አሳይቷል። ከመደንዘዙ ጋር ኃይለኛ ማዞር፣ የፊት መጣመም፣ የንግግር መኮላተፍ ወይም የእግር መብረክረክ ካለ ግን ለጆሮ ደም የምትሰጠው ሥር ከነምንጯ ተዘግታ ይሆናልና በዚያው ቅጽበት ሆስፒታል ነው። በጆሮ ውስጥ ከልብ ምት ጋር አብሮ የሚመታ ድምፅ መስማትም ያስመረምራል፤ ደም ማነስ፣ ከፍተኛ ግፊት ወይም የአንገት ደም ሥር ጥበት ሊሆን ይችላል።

አሁን እኔን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ልለፍ። እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ የተደረገው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ብሔራዊ ዳሰሳ ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉ ሰዎች ከመቶው 16 ያህሉ ከፍ ያለ ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል። የጨው ፍጆታችን ያኔ በአማካይ በቀን 8.3 ግራም ነበር፤ የሚመከረው ከ5 በታች ነው። ስለዚህ ግፊት የሚለካላቸውና ክኒን የሚሰጣቸው ሰዎች እየበዙ ነው፤ መልካም ነው። ክኒኑ የሚሠራው ግን መመሪያው ሲሰማ ነው። የማንኛውንም ጤና ጣቢያ የተመላላሽ ክፍል አስቡ። ከውጭ ባጃጅ፣ ከውስጥ የሚያለቅስ ሕፃን፣ በሩ ላይ ወረፋ። ነርሷ አፏን በጭምብል ሸፍና ካርዱ ላይ አጎንብሳ ትጽፋለች።

«አባባ፣ ይቺን በየቀኑ አንድ፣ ይቺን ደግሞ ጠዋት ግማሿን። ጨው ይቀንሱ። ገባዎት?»

«አዎ ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ።»

አልገባቸውም። ከሰሟት ቃላት «ጠዋት» የሚለው ብቻ ሳይሆን አይቀርም የደረሳቸው። ደግመሽ በዪልኝ ማለት ግን ክብራቸው አይፈቅድም፤ ከኋላ የቆመው ሰውም ብዙ ነው። በወሩ ሲመለሱ ግፊቱ እንዳለ ነው። ነርሷ መድኃኒቱ አልሠራም ብላ መጠኑን ትጨምራለች ወይም ሦስተኛ ክኒን ታክላለች። ማንም አልዋሸም፣ ማንም አላጠፋም፤ ጆሮ አልተጠየቀም እንጂ። በዚያ ላይ ሕመምተኛው አፉን የፈታው በሩጣንኛ (በበርታ ቋንቋ) ወይም በጉሙዝኛ ሆኖ አማርኛውን ከከንፈር እየገመተ የሚከተል ከሆነ ጭምብሉ የቀረችውን ፍንጭ ወሰደበት። ለግፊት መለኪያው ራሱ የሚያስፈልገው ጆሮ መሆኑም መታሰብ አለበት፤ ሩሲያዊው ኒኮላይ ኮሮትኮቭ በ1905 ያሳየው ዘዴ በክንድ ደም ሥር ውስጥ የሚነሣና የሚጠፋ ድምፅን በማዳመጥ ላይ የቆመ ነው፤ ጫጫታ ባለበት ክፍል የባለሙያዋም ንባብ ይሳሳታል።

ከጤና ጣቢያው ውጭም ጉዳቱ ይቀጥላል። የማይሰማ ሽማግሌ መጀመሪያ ከዕድር ስብሰባ ይቀራል፣ ቀጥሎ ከሰንበቴ፣ ኋላም ቡና ሲፈላ ጎረቤት መሄድ ይተዋል። ቤት የዋለ ሰው አይራመድም። እ.ኤ.አ. በ2016 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ ብቸኝነትና ከሰው መገለል የልብ ደም ሥር በሽታን አደጋ በ29 በመቶ፣ የስትሮክን በ32 በመቶ ከፍ እንደሚያደርግ አግኝቷል። ስለዚህ መንገዱ ከልብ ወደ ጆሮ ብቻ አይደለም፤ ከጆሮም ተነሥቶ በሰው ማጣት በኩል ወደ ልብ ይመለሳል። ይህ መንገድ በአገር ቤት ጥናት እምብዛም አልተዳሰሰም፤ እኔ ግን ከደም ሥሩ መንገድ ያላነሰ ይመስለኛል።

ምን ማድረግ ይቻላል? የመስማት መለኪያ ማሽንና የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ስፔሻሊስት በየወረዳው እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልግም። የሹክሹክታ ምርመራ የሚባል አለ። ባለሙያዋ ከሕመምተኛው ጀርባ አንድ ክንድ ያህል ርቃ ትቆማለች፣ ከንፈሯ እንዳይታይ። ሕመምተኛው አንደኛውን ጆሮውን በጣቱ ይደፍናል። እሷ ትንፋሿን አውጥታ በቀሪው አየር ሦስት ቁጥሮች ታንሾካሽካለች፤ እሱ ይደግማል። ከዚያ ሌላኛው ጆሮ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ መሣሪያም አይጠይቅም። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አለው፦ ቁጥሮቹ ሰውየው በሚያውቀው ቋንቋ መባል አለባቸው፤ ሩጣንኛ ለሚናገር በሩጣንኛ፣ ሽናሽኛ ለሚናገር በሽናሽኛ። ከአካባቢው የተመለመሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለዚህ ከማንም ይሻላሉ። ያልሰማው ሰው መጀመሪያ ጆሮው ሰም ደፍኖት እንደሆነ ይታያል። ሰም ካልሆነ መመሪያው ፊት ለፊት፣ ጭምብል ተነሥቶ፣ ቀስ ተብሎ ይነገረዋል፤ ክኒኑ በፀሐይና በጨረቃ ሥዕል ፓኬቱ ላይ ይጻፍለታል፤ ልጁ ወይም የልጅ ልጁ አብሮ ይጠራል። በተገላቢጦሹም ጆሮዬ ደከመ ብሎ የመጣ አዋቂ ሁሉ ግፊቱና ስኳሩ ይለካ።

ጨውን በተመለከተ አንድ ጥንቃቄ ማከል አለብኝ። ምዕራቡ የአገራችን ክፍል የእንቅርት አገር ነው። አዮዲን ያጣ ሰው ታይሮይዱ ይደክማል፤ የደከመ ታይሮይድ የልብ ምትን ያዘገያል፣ ኮሌስትሮልን ያወጣል፣ መስማትንም ይጎዳል። በእርግዝና ጊዜ ከሆነ የሚወለደው ልጅ መስማት የተሳነው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ጨው ቀንሱ» የሚለው ምክር «አዮዲን ያለውን ግዙና እሱኑ ቀንሱ» ተብሎ ነው መነገር ያለበት። በጆንያ የሚሸጠውን ጥሬ ጨው በመቀነስ ብቻ ልብን አድነን ጆሮን እንዳናጣ።

አሶሳ ሆስፒታል አለ፣ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው አሶሳ ዩኒቨርሲቲም የጤና ተማሪዎችን ያስተምራል። ለግፊት ክትትል በሚያዘው መዝገብ ላይ ሁለት ዓምዶች እንዲጨመሩ እመኛለሁ፦ አንዱ የሹክሹክታው ውጤት በቀኝና በግራ፣ ሌላው «ጆሮ ይጮሃል ወይ» የሚል። አንድ ዓመት በትጋት ከተሞላ በርታው፣ ጉሙዙ፣ ሽናሻው፣ ማኦውና ኮሞው፣ በሠፈራ የመጣው አማራና ኦሮሞ፣ በመጠለያ ያለውም ማባን በአንድ መዝገብ ላይ ይገናኛሉ። እድሜ በግምት ሳይሆን ከካርድ ይነበባል፤ ግፊቱም ስኳሩም አብሮ ተጽፏል፤ ማን ወፍጮ ቤት እንደሠራ፣ ማን ጀንታማይሲን እንደወሰደ፣ የማን ጆሮ በልጅነቱ መግል እንደነበረው ይታወቃል። ሮዘን በእጁ ያልነበረው ይህ ነበር፤ ጥያቄውን ከተወበት አንሥቶ ለመመለስ የሚያስፈልገው መረጃ ከአሶሳ ሊወጣ ይችላል።